የአሠልጣኝ ገድልና የአበርገሌ ሜዳ

ባለፈው ዓመት በዘመድ ጉዳይ ሰቆጣ ሰንብቼ ነበር። ጉዳዬን ጨርሼ፣ የመመለሻ መኪና እየጠበቅሁ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ባልኩበት፣ የአክስቴ ልጅ አንዲት ወጣት መምህርት ይዞ መጣና አስተዋወቀኝ። አበርገሌ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ታስተምራለች። "ጋሼ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ አሁን ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ" ብሎ አጋነነኝ። እሷ ግን በጋዜጣው ብዙም አልተደነቀችም።

"ስለ ኳስ ይጽፋሉ?" አለችኝ።

አልጽፍም። ሃያ ዓመት ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኳስ ለእኔ፣ ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩ ወጣት ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ደጃፍ ተኮልኩሎ መንገድ የሚዘጋብኝ ነገር ነው። ይህንኑ ብነግራት ሳቀች። ከዚያ የራሷን ነገረችኝ።

አበርገሌን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዋግ ኽምራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሰቆጣን ደጋና ተራራ ነው። አበርገሌ ግን ከዚያ ደጋ ወደ ተከዜ ሲወርዱ የሚገኝ ቆላ ነው፤ የወረዳው ከተማ ኒሯቅ ይባላል። አገሩ በፍየሉ የታወቀ ነው። የእንስሳት ተመራማሪዎች ሳይቀሩ የፍየሉን ዝርያ በአገሩ ስም "አበርገሌ" ብለው ይጠሩታል። ዝናቡ ሲቀር ቀድሞ የሚራበውም እንዲህ ያለው ቆላ ነው። ልጅቷ የምታስተምረው እዚያ ነው። ከክፍል ሰዓት ውጪ ደግሞ የሴቶች የእግር ኳስ ቡድን ታሠለጥናለች። ደመወዝ የለውም፤ የሾማትም የለም። ጎሉ በግራና በቀኝ የተከመረ ድንጋይ ነው። ኳሱ አንድ ነው፤ እሱንም ጫማ ሰፊ ሁለት ጊዜ ሰፍቶታል። ልጆቹ ልምምድ የሚመጡት ውኃ ቀድተው ፍየል አስገብተው ነው። ስለዚህ ልምምዱ የሚጀመርበትን ሰዓት የሚወስነው አሠልጣኟ ሳትሆን የምንጩ ወረፋ ነው።

"እና ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለችኝ፤ "ይሄ ሥራ ሰው ዕድሜውን የሚጨርስበት ነው ወይስ የወጣትነት ጨዋታ ነው? ቢሮ ግቢ የሚሉኝ አሉ። ሴት አሠልጣኝ ሆና ስንት ዓመት ትቆያለች?"

በሰዓቱ መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ማንበብ ጀመርኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁና አንባቢ ይታገሠኝ።

ሳነብ አንድ ሰው አገኘሁ። አንሰን ዶራንስ ይባላል፤ በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነበር። ከ1979 እስከ 2024 ድረስ፣ 45 ዓመት፣ በአንድ ወንበር! በአገራችን በአንድ ወንበር 45 ዓመት የቆየ ሰው ቢፈለግ ንጉሠ ነገሥት እንጂ አሠልጣኝ አይገኝም። ሰውየው ሕንድ ተወልዶ፣ በአባቱ ሥራ ምክንያት አገር ላገር እየተዘዋወረ ነው ያደገው፤ ልጅነቱን ካሳለፈባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። "ታዲያ የእኛ ልጅ ነዋ!" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንረጋጋ፤ የእኛ ልጅ አይደለም። እኛ ያፈራነው ቢሆን ኖሮ 45 ዓመት ባልቆየ ነበር።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ከ1986 እስከ 1994፣ ዘጠኝ የአሜሪካ ኮሌጆች ዋንጫ በተከታታይ በልቷል። በጠቅላላው 22 የአገር አቀፍ ዋንጫ አለው። በዚያ ላይ የአሜሪካን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ይዞ በ1991 ቻይና በተደረገው የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ኖርዌይን 2 ለ 1 አሸንፏል። ሚያ ሃምን የመሰለች ተጫዋች ያለፈችው በእሱ እጅ ነው። በየልምምዱ እያንዳንዷ ተጫዋች የሠራችውን ሁሉ እያስቆጠረ፣ ማን ከማን እንደምትበልጥ በተራ አስጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለቡድኑ ያወጣቸው የባሕርይ ደንቦች ነበሩ፤ ተጫዋቾቹ ለእያንዳንዱ ደንብ የተመረጠ የደራሲ ጽሑፍ በቃላቸው እንዲያጠኑ ያደርግ ነበር። አላማርርም የሚለው ደንብ ለምሳሌ ከበርናርድ ሾው ጋር የተያያዘ ነው። ቲም ክሮዘርስ የተባለ ጸሐፊ በ2006 ያወጣው የሕይወት ታሪኩም ርዕሱን ያገኘው ከሪልከ ግጥም ነው። ይህን ሳነብ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ግጥም አጥኑ እያልኩ ስለምን፣ ለካ ኳስ ብሰጣቸው ኖሮ ያጠኑልኝ ነበር አልኩ።

እስካሁን የጻፍኩትን መለስ ብዬ ሳየው ግን አንድ ነገር አስደነገጠኝ። የጻፍኩት ገድል ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ ያስታውሱ ይሆናል። ገድል የራሱ ሥርዓት አለው። ጻድቁ ይወለዳል፤ ከአገሩ ይወጣል፤ ይጋደላል፤ ቃል ኪዳን ይቀበላል፤ በመጨረሻ ተአምራቱ ይዘረዘራሉ። ይህ ለጻድቃን የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለእነሱም ልክ ነው። የስፖርት ገጾቻችን ግን ይህንኑ ልብስ አምጥተው አሠልጣኝ ላይ ያጠልቁታል። ሲያሸንፍ "ተአምረኛው" ነው። ሲሸነፍ ገድሉ ተገልብጦ ርግማን ይሆንና ሰውየው በማግስቱ ይባረራል። በሁለቱም ጊዜ ታሪኩ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሜዳው የለም፣ ሕጉ የለም፣ ገንዘቡ የለም፣ ልጆቹ የሉም። የእኔ ትችት እዚህ ላይ ነው። የአሠልጣኝ ሥራ ገድል ሆኖ ሲጻፍ፣ አንባቢ ሊማርበት የሚችለው ነገር ተለይቶ ይወጣና የሚያደንቀው ብቻ ይቀራል።

እስቲ ያንኑ የዶራንስን ታሪክ ገድሉን ገፈን እናንብበው።

አንደኛ፣ ታሪኩ በእሱ አይጀምርም። በ1972 አሜሪካ አንድ ሕግ አወጣች፤ ታይትል ናይን ይሉታል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት አድልዎ ማድረግ አይችልም ይላል። ሕጉ ሲወጣ የኳስ ነገር በብዙዎች አእምሮ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲዎች ለወንዶች ሜዳና አሠልጣኝ ሰጥተው ሴቶችን ባዶ እጅ መስደድ እንደማይችሉ ቀስ በቀስ ገባቸው። ዶራንስ በዚያን ጊዜ ሕግ የሚማር፣ ጎን ለጎን ከ1977 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲውን የወንዶች ቡድን የሚያሠለጥን ወጣት ነበር። የሴቶቹንም ያዝ ተባለ፤ ያዘ። ያን ጊዜ የሴት ቡድን ያላቸው ኮሌጆች ጥቂት ነበሩ፤ ትልቁ የኮሌጆች ማኅበር ለሴቶች እግር ኳስ ውድድር የጀመረው ገና በ1982 ነው። ተፎካካሪ ሳይበዛ ቀድሞ የጀመረ ሰው ቀድሞ ቢደርስ ምን ይደንቃል?

ሁለተኛ፣ ከድሉ ይልቅ ሽንፈቱ ይበልጥ ያስተምራል። የመጨረሻውን ዋንጫ ያነሳው በ2012 ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ዋንጫ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ማንም "በቃህ" አላለውም። በ2024 ነሐሴ ላይ በገዛ ፈቃዱ ተሰናበተ። ያኔ ምን ሆነ? ምክትሉ የነበረው ዴመን ናሃስ በጊዜያዊነት ተረክቦ በዚያው ዓመት ዋንጫውን በላ! እዚህ ላይ ነው ልብ ማለት። አንድ መምህር ያስተማረው መሆኑ የሚታወቀው ከክፍሉ ሲወጣ ነው። ዋንጫ ያልመጣባቸው ዓመታት ባዶ ዓመታት እንዳልነበሩ የታወቀው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ገድል የማይወደው ገጽ አለ። በ1998 ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾቹ ጾታዊ ትንኮሳ ፈጽሟል ብለው ከሰሱት። እሱ ካደ። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ አንደኛው በ2004፣ ሁለተኛው በ2008 በስምምነት ተዘጋ፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላለውም። ሆኖም በ2008ቱ ስምምነት ዩኒቨርሲቲው 385 ሺህ ዶላር ከፈለ፤ አሠልጣኙም ስለ ተጫዋቾች የግል ሕይወት በሚወራበት ጨዋታ መግባቱ ተገቢ እንዳልነበር ገልጾ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ይህን የማነሳው ሰውየውን ለማዋረድ አይደለም። ረጅም ዘመን የሚጠይቅ ሰው ረጅም ተጠያቂነትም መጠየቅ ስላለበት ነው። በአንድ ወንበር ላይ የቆየ ሰው፣ ከሥሩ ያሉት ልጆች የሚናገሩበት በር ከሌለ፣ መልካምነቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የእኛም የሴት ቡድኖች ይህን ቢያስቡበት አይጎዱም።

አራተኛው ነገር ደግሞ ይከነክናል። ያ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በአሜሪካ ኮሌጆች የሴት ቡድኖችን ከሚያሠለጥኑት ከአሥሩ ዘጠኙ ሴቶች ነበሩ። ሕጉ ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘቡ ሥራውን ደህና ሥራ አደረገው፤ ደህና ሥራ ሲሆን ወንዶች መጡ። ዛሬ ሴቶቹ ከግማሽ በታች ናቸው። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" የሚለውን ተረት የፈጠርነው እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አሜሪካም ሳትናገረው ታውቀዋለች።

ወደ አገራችን እንመለስ።

የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲ፣ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥታ ነበር። በ2012ም ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ተሳትፋለች። ከዚያ በኋላ ግን በ2014 የለችም፤ በ2016 የለችም፤ በ2018፣ በ2022፣ ሞሮኮ ላይ በተደረገው የ2024 ዋንጫም የለችም። በየመሐሉ ታዲያ ምን ስናደርግ ነበር? አሠልጣኝ ስንቀያይር።

ከነዚህ አሠልጣኞች አንዷ ሰላም ዘራይ ናት። በ2018 ሉሲን ይዛ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሊቢያን በደርሶ መልስ 15 ለ 0 ቀጣች፤ በቀጣዩ ዙር በአልጄሪያ ተሸነፈች። የ15ቱን ጎል ለጊዜው እንተወውና በ2019 የሆነውን ተመልከቱ። በኦሊምፒክ ማጣሪያ ካሜሩን ደረሰቻት። ካሜሩን እኮ ያን ሰሞን ከዓለም ዋንጫ የመጣች ናት፤ ፈረንሳይ ላይ ከምድቧ አልፋ ለጥሎ ማለፍ ደርሳ ነበር። የእኛ ልጆች በሜዳችን 1 ለ 1፣ ካሜሩን ሄደው ደግሞ 0 ለ 0 ወጡ። ሁለት ጨዋታ፣ አንድም ሽንፈት የለም! የወደቅነው ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ሕግ ነው። ያንን ሕግ የአውሮፓው ማኅበር በ2021 ራሱ ሰርዞታል።

በዶራንስ አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ውጤት የመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ነበር። አሠልጣኟ ካሜሩንን ያስጨነቁትን ልጆች ይዛ ለሚቀጥለው ማጣሪያ ትዘጋጅ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ምዕራፉ መጽሐፉ ሆነና እዚያው ላይ ተዘጋ፤ ሉሲም ወደ ሌላ አሠልጣኝ ተሻገረች። እኔ እገሌ ከእገሊት ይሻላል ለማለት እውቀቱ የለኝም፤ የተተኩትም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን አንባቢዬ እስቲ ፍረድ፦ ሁለት ገጽ አንብቦ ልቦለዱ መጥፎ ነው የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ ስንት ማርክ እሰጠው ነበር?

ጊዜ ሲሰጥ ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ምሳሌ ደግሞ እዚሁ አለን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በብርሃኑ ግዛው እየተመራ በ2021 ለአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ በሚደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ። በ2023 እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተሸነፈ። ሁለት ጊዜ ጫፍ ላይ ደርሶ የወደቀ አሠልጣኝ በአገራችን ልማድ ዕቃውን ይሰበስባል። ክለቡ ግን ታገሠ። በ2024 አዲስ አበባ ላይ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደና ሞሮኮ ሄደ። ተአምር ነው? አይደለም። ደጋግሞ እንዲሞክር የተፈቀደለት ሰው ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸው ትዕግሥት ለሴቷም አሠልጣኝ ይድረሳት።

አሁን ወደዚያች የሰቆጣ በረንዳ ልመልሳችሁ፤ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ።

መኪናው እንደመጣ ተነሥቼ ልሰናበታት ስል ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣች። "ይቺን ብቻ ይዩልኝ" አለች። ቡድኗን ከጀመረች ጀምሮ የሠለጠኑ ልጆች ስም ነው። ዶራንስ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ማን ስንት ጎል እንዳገባች ነበር። የእሷ ደብተር ላይ ከየስሙ ፊት ለፊት የተጻፈው ሌላ ነው። አንዷ ጋ "አገባች" ይላል። አንዷ ጋ "ዓረብ አገር"። አንዷ ጋ "ከሰቆጣ አልተመለሰችም"። በ2021 ጦርነቱ ዋግ በደረሰ ጊዜ አገሬው ተበትኖ ነበር፤ ከአበርገሌ የተፈናቀለው ሕዝብ ለረጅም ጊዜ በሰቆጣና በአካባቢዋ መጠለያ ኖሯል። እሷም ከተፈናቃዮቹ አንዷ ነበረች። ያኔ እንኳ ከመጠለያው ጎን በጨርቅ ኳስ ልጆቹን ታጫውት ነበር። ከተፈናቀሉት የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። ጥቂት ስሞች ፊት ለፊት ደግሞ "አለች" ይላል። አለች ማለት ትምህርት ቤት አለች፣ ልምምድ ትመጣለች ማለት ነው።

"ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ይቺ ናት" ብላ አንዱን ስም በጣቷ አሳየችኝ። "አባቷ ሊድሯት ነበር። ቤታቸው ሄድኩ። ጨዋታ አለባት፣ እሷ ከሌለች ቡድኑ አይሞላም አልኳቸው። እሺ ጨዋታው ይለፍ አሉ። ከዚያ ሌላ ጨዋታ አለ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አቆየኋት።"

"እውነት ያን ያህል ጨዋታ ነበረ?"

"ኧረ የለም ጋሼ! ከማን ጋር እንጫወታለን? እርስ በርሳችን ነው።"

ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ለዚህች ደብተር አላዘጋጀኝም። አሠልጣኝ ስንት ዋንጫ አመጣች ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በዚህች ደብተር ዜሮ ይሰጣታል። እኔ ግን እንደ መምህር ሳያት "አለች" የሚለው ቃል ነው ውጤቱ። በአንድ ጎል ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት የቆየች ልጅ አላውቅም፤ በሌለ ጨዋታ ግን ሁለት ዓመት የቆየች ልጅ ይኸውና አየሁ።

በዋግ በየዓመቱ ነሐሴ 16 ሻደይ ይውላል። ልጃገረዶች የሻደይን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ አደባባይ ወጥተው ይጫወታሉ። በእነዚያ ቀናት "የት ነበርሽ?" የሚል የለም፤ ልጅቱ ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትጮኽ ነውር አይባልም። እንግዲህ "ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት" የሚል ተረት ባለበት አገር፣ ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ወጥታ እንድትጫወት የሚፈቅድ በዓል ከጥንት ጀምሮ አለን። አሜሪካኖቹ በ1972 በሕግ ያደረጉት ይህንኑ ፈቃድ ዓመቱን ሙሉ ማድረግ ነው። የእኛ ሻደይ ጥቂት ቀን ከርሞ ያልቃል፤ ልጅቱም ወደ እንስራዋ ትመለሳለች።

ምን ይደረግ? የሚለው ጥያቄ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ መጨረሻ የግድ ነው። እኔ ፌዴሬሽን አይደለሁም፤ ቢሆንም ሦስት ነገር እላለሁ። የትምህርት ቤት የሴት ቡድን ማሠልጠን እንደ ትርፍ ሰዓት በጎ አድራጎት ሳይሆን እንደ ሥራ ይቆጠር፤ ከመምህሯ የማስተማር ሰዓት ላይም ይቀነስላት። የጎረቤት ወረዳ ትምህርት ቤቶች በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ እውነተኛ ጨዋታ ይኑራቸው፤ መምህርቷ ለአባቶች የምትዋሸው እንዲቀርላት። ብሔራዊ ቡድንም ሆነ ክለብ ሴት አሠልጣኝ ሲቀጥር፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ማጣሪያ ሳታልፍ ላይነካት ይፈራረም። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ስታዲየም አይደለም።

ለጥያቄዋ መልስ የሰጠሁት ዘግይቼ፣ በስልክ ነው። "አርባ አምስት ዓመት የቆየ አለ" አልኳት። የዶራንስን ታሪክ ከነጉድለቱ ነገርኳት። በጸጥታ ሰማችኝና፣

"ኳስ ስንት ነበረው?" አለችኝ።

"ብዙ ሳይሆን አይቀርም።"

"እንግዲያማ እሱም አይፈረድበት" ብላ ሳቀች። ከዚያ "ጋሼ፣ ልጆቹ መጡ፤ ልዝጋው" አለችና ዘጋችው። ቢሮው መግባቱን ወይም አለመግባቱን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ቅዳሜ ግን ወደ ሰቆጣ የሚሄድ መኪና አለ፤ ሁለት ኳስ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ሦስተኛውን የሚያዋጣ አንባቢ ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ያድርስልኝ።

ቸር እንሰንብት።